የቦርዶ ወይንና የአክስቴ ማር

ባለፈው ገና አንድ ወዳጄ ቤት ተጠርተን ነበር። ከዶሮው በኋላ አንድ ጠርሙስ የቦርዶ ወይን ወጣ። እህቱ ከፓሪስ ስትመጣ ያመጣችው ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጽሑፉን ያነበበውም ያላነበበውም ራሱን ነቀነቀ። ዋጋውም በሹክሹክታ ተነገረ። ከዚያ ተቀዳ፤ "ኧረ ይሄስ ልዩ ነው!" ተባለ። እኔም ብያለሁ። እውነቱን ልናገርና አፌ ላይ የቀረው መጎምዘዝ ብቻ ነበር። ነገር ግን ጠርሙሱን አይቻለሁ፣ ዋጋውን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ጣፈጠኝ።

እኔ ደግሞ ይዤ የሄድኩት ማር ነበር። አክስቴ ከጋይንት የላኩልኝ፣ በሦስት ሊትር ጀሪካን፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ወዳጄ ተቀበለኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ፦ "ስኳር የለበትም አይደል?"

በነገሩ አልተቀየምኩም። አዲስ አበባ ማር ገዝቶ ያልተታለለ የለም። ግን ማታ ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወይኑን ማንም "ስኳር አለብህ ወይ?" ብሎ አልጠየቀውም። ለምን?

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። ነፋስ መውጫ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ማር ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ለሠርግና ለክርስትና ጠጅ ይጥላሉ። ሰው እቴቴ ይላቸዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ማር ግን ያነባሉ ብል አላጋነንኩም። ከጉና ሥር ከደጋው የመጣውን፣ ከእስቴ ኑግ ከሚዘራበት የመጣውን፣ ከስማዳ ቆላ የግራር አበባ የቀሰመውን ንብ ማር ለይተው ይነግሯችኋል። ማሩ የኅዳር ቆረጣ ይሁን የሰኔ ይነግሯችኋል። አናቢው ጭስ አብዝቶ ከሆነ፣ እጩን ከማሩ ጋር ቀላቅሎ ቆርጦ ከሆነ፣ ማሩን ዘይት በነበረበት ዕቃ አስቀምጦ ከሆነም አይቀርም።

አምና ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነኝ። "የአገሬን ማር ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ" እያልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ምሽት በሦስት ሲኒ ሦስት ማር ቀርቦ ባለቤቴ ዐይኔን በነጠላ አሰረችው። አንዱ የአክስቴ፣ አንዱ ከሱፐርማርኬት በጠርሙስ የተገዛ፣ አንዱ ጎረቤት የሰጠችን። ቀመስኩ። ሁለተኛውን "ይሄ ነው፣ የጋይንት!" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። የሱፐርማርኬቱ ነበር።

እሳቸው ሳይታሰሩ፣ ሲኒዎቹን እየዞሩ፣ በትንሽ ጣታቸው ጫፍ ብቻ ቀምሰው ጨረሱ። "እቴቴ፣ በምን አወቁት?" ስላቸው፣ "አንተ ጣፋጩን ነው የምትፈልገው። ስኳርም ይጣፍጣል። ጣፋጩ ካለፈ በኋላ ምን ይላል? እሱን ስማው እንጂ" አሉኝ። አሠራራቸው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ያሸታሉ፣ በጣቶቻቸው መካከል ያሻሉ፣ ከምላሳቸው ሥር አድርገው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ውሃ ይጎነጫሉ። ከውሃው በኋላም ጉሮሮ ላይ የሚቀር ካለ ማር ነው ይላሉ። ዋጋ የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው።

እኛ ወይኑን የቀመስነው በተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ ጽሑፍ፣ ከዚያ አፍ።

ይህ የእኛ የድሃ አገር ሰዎች ሞኝነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎችን ነጭ ወይን በቀለም አቅልተው አቀመሷቸው። ተማሪዎቹ ጣዕሙን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ1976 ደግሞ ፓሪስ ላይ፣ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ጽሑፉን ሸፍኖ ለፈረንሳውያን ቀማሾች የቦርዶና የቡርጎኝን ወይን ከካሊፎርኒያ ወይን ጋር አቀረበላቸው። በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ሆነ። የቦርዶ የታወቀው የ1855 የደረጃ ሰንጠረዥ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ደላሎቹ በዋናነት ያዩት በገበያ ያወጣው የነበረውን ዋጋ ነው። ዋጋው ደረጃውን ሠራ፣ ደረጃው ዋጋውን ጠበቀ። አክስቴ ይህን ብነግራቸው ይስቃሉ።

ግን ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው የፈረንሳይ ወይን ማጭበርበር ነው" ማለት ስንፍና ነው። የእኔ ክርክር እሱ አይደለም። ያ ጠርሙስ "ስኳር አለብህ ወይ?" ያልተባለበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ደም የፈሰሰበት ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክ በሚባለው አገር ወይን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1907 አመፁ። የወይን ዋጋ ወድቆ ገበሬው ዕዳ ውስጥ ገብቷል። የምርት መብዛትና ከአልጄሪያ የሚገባው ወይን አንዱ ምክንያት ነው። ሕዝቡን ያንገበገበው ግን ስኳርና ውሃ ጨምረው ወይን የሚያበዙት ነበሩ። ሰኔ ላይ ሞንፔሊዬ ከተማ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ናርቦን ላይ ወታደር ተኩሶ ሰው ገደለ። ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ የ17ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች "በወገኖቻችን ላይ አንተኩስም" ብለው አደሙ። በዚያው ወር መጨረሻ ሕግ ወጣ፤ ወይን ላይ በሚጨመር ስኳር ላይ ግብር ተጣለ፣ አምራቹም የመከሩን መጠን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። በ1911 ደግሞ የሻምፓኝ ገበሬዎች ከሌላ አገር ወይን አምጥተው "ሻምፓኝ" ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎችን መጋዘን ሰባበሩ። በ1935 የቦታ ስምን የሚጠብቅ ብሔራዊ ሥርዓት ተዘረጋ። የትኛው መሬት፣ የትኛው የወይን ዝርያ፣ በሄክታር ምን ያህል፣ በምን አሠራር፣ ሁሉም ተጻፈ።

የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የዚያ ሁሉ ጠብ ውጤት ነው። እኛ ያየነው ጌጡን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማሩ ልመለስ። አክስቴ ሦስቱን ማር ለይተው ያውቃሉ፤ የሚረከባቸው ነጋዴ ግን በአንድ ኪሎ አንድ ዋጋ ነው የሚሰጣቸው። ጉናም እስቴም ስማዳም አንድ በርሜል ውስጥ ይገባሉ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ "የጎጃም ማር" ወይም "የላሊበላ ማር" ይሆናል፤ ስም ያላቸው እነሱ ናቸውና። የጎጃምንና የላስታን ሰው አልወቅስም፤ እነሱም የሚዘረፉት በስማቸው ነው። ስኳሩ የሚገባውም እዚያ ላይ ነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ማር ላይ ስኳር ቢጨመር ስሙ የሚጠፋ ማንም የለም።

ጠጁም ያው ነው። በድሮው ዘመን ጠጅ መጣል ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት የተተወ ነበር። ዛሬ በብርሌ የሚቀርብልን ብዙው የስኳር ጠጅ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ይቀርባል፣ እንጠጣለን፣ ጠዋት ራሳችንን ይዘን እንነሳለን። የማር ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ትውልድ አድጓል። ላልቀመሰ ሰው ደግሞ የማር ጠጅ ዋጋ ዘረፋ ይመስለዋል።

በስማችን መጠቀም አንችልም እንዳይባል በቡናው አይተነዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ተስማማች። ፈረንሳዩ ካስቴልም ዝዋይ መጥቶ ወይን ተክሎ በ2014 ጠርሙሱን ገበያ ሲያወጣ አንደኛውን "ሪፍት ቫሊ" ብሎ ሰየመው። እንግዳው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው የመሬታችንን ስም ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነው!

የእኛ ጥፋትም አለበት፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ጭስ የበዛበት፣ ሰምና እጭ የተቀላቀለበት ማር "ንጹሕ የገጠር ማር" ስለተባለ አይሻልም። አንዳንዱ አናቢ ማሩ ሳይደርስ ይቆርጣል፤ ውሃው ይበዛና ይኮመጥጣል። ይህን ለነጋዴው የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ለአናቢውም እንዲሁ። እንደ አክስቴ ያሉ ምላሶች በየገበያው አሉ። ማንም ደሞዝ ከፍሎ አያውቅባቸውም። ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ደግሞስ ስለ ስም ጥበቃ የማወራው በየትኛው ሰላም ነው? በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት የወልድያ–ወረታው የቻይና መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ማር እንደ ቲማቲም አይበሰብስም፤ ይጠብቃል። አናቢው ግን ለማዳበሪያና ለልጁ ደብተር አይጠብቅም። መንገድ በተከፈተ ሳምንት ያገኘው መኪና የሰጠውን ዋጋ ይቀበላል። ቀምሶ ዋጋ ለመከራከር ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ያለው ነጋዴው ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ወዳጄ ደወለልኝ። "ስማ፣ ማርህ ስኳር ሆነብኝ፤ ታች ድረስ ረግቷል" አለኝ። ከኑግ አበባ የተቀሰመ ማር ቶሎ እንደሚረጋ፣ መርጋቱ ስኳር ገብቶበታል ማለት እንዳልሆነ፣ እሳት ላይ እንዳይጥደው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያቆመው እንደሚበቃ አስረዳሁት። "እሺ" አለኝ። እሺታውን አልወደድኩትም።

ማታ አክስቴ ደወሉ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ሌላ ጀሪካን ሊልኩ ነው።

"ያ ወዳጅህ ማሩን እንዴት አገኘው?" አሉኝ።

"ወደደው" አልኳቸው።