ኦርላንዶ በፍልሰታ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ ኦርላንዶ መሄዱ አይቀርም። አንዱ የክፍል ጓደኛ ደርሶ ይመጣና ያወራል፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። እኛም ጋ እንዲሁ ሆነ። ባለቤቴ የዓመት ፈቃድ ያገኘችው ነሐሴ ላይ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ደርሰን እንምጣ ተባለና ሆቴሉም፣ መግቢያውም፣ ምግብ ቤቱም ከወራት በፊት ተያዘ። ቀኑ ፍልሰታ ላይ መዋሉን ያስተዋሉት እኛን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ልትሰርዘው ስትነሣ፣ “ልጆቹን ለምን ታሳዝኛቸዋለሽ? እኔ እንደሁ ጾሜን የትም እጾማለሁ” ብለው ነገሩን ዘጉት። በማግስቱ ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በየላስቲኩ ሲቋጥሩ አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና፣ “እማማ፣ እዚያ እኮ ምግብ ሞልቷል” አልኳቸው።

ከምንኖርባት ከአሌክሳንድሪያ ኦርላንዶ 850 ማይል ገደማ ነው። አይ-95ን ይዘን ሁለቱን ካሮላይናዎችና ጆርጂያን አቋርጠን ፍሎሪዳ ስንገባ፣ ድንበሩ ላይ ያለው የእንግዳ መቀበያ ለመንገደኛ ሁሉ የብርቱካን ጭማቂ በነጻ ይሰጣል። በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ጉዞ ከቀመስነው ሁሉ ጣዕሙ አፌ ላይ የቀረው ያ በወረቀት ኩባያ የተሰጠን ጭማቂ ነው።

ኦርላንዶ ዱሮ የብርቱካን አገር ነበረች። ነገሯ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ዲዝኒ ወርልድ ሲከፈት ነው፤ በ1973 ሲ ወርልድ፣ በ1990 ዩኒቨርሳል ተከተሉ። ዛሬ በዓመት ከ70 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይገባባታል። ከነዚህ ሌላ ትንንሽ መዝናኛዎችም አሉ። እኛ ያረፍነው የትኛው ጋ እንደሆነ አልናገርም፤ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ጨዋታውማ ምን ይወጣለታል? ልጆቹ እስኪበቃቸው ተጫወቱ፣ ጮኹ፣ ውኃ ውስጥ ተንቦራጨቁ። የማወራው ስለ ምግቡ ነው። ደግሞ እንዲሁ በሜዳ አላወራም፤ አሜሪካ እንደመጣሁ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል የድግስ ወጥ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ለአምስት መቶ ሰው ምግብ በአንድ ጊዜ ማውጣት ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ማሳበቢያውንም አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ማታ ሐይቅ ዳር ያለው ምግብ ቤት ገባን። ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ከውኃው ማዶ የሚያበራ ቤተ መንግሥት መሳይ ነገር። አስተናጋጇ አለርጂ ያለበት ሰው አለ ወይ ስትል ባለቤቴ እናቷ ጾመኛ መሆናቸውን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይቀምሱ አስረዳች። ልጅቷ ደንገጥ ብላ ጽፋ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ሼፉ ራሱ መጣና አማቴ ወንበር አጠገብ በርከክ አለ።

“ቅቤ ሲበሉ ምን ይሆናሉ? ያሳብጣቸዋል? ትንፋሽ ያጥራቸዋል?”

ተረጎምኩላቸው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ኧረ እኔ ምንም አላመመኝም! ጾም ነው በለው። እመቤታችን ስታርግ ዶሮም ቢያመጣ እበላለታለሁ በለው።”

ሃይማኖት ነው አልኩት። “ገባኝ፣ ገባኝ” አለና አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ። ምግቡ ሲመጣ ሳህኑ ላይ አለርጂ የሚል ጽሑፍ ያለበት ስንጥር ተሰክቶበታል።

ሳህኑ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ዳቦ የተቆረሰ አንድ ቁራጭ አበባ ጎመን ተጋድሟል፤ ከጎኑ በማንኪያ ጀርባ የተጎተተ አረንጓዴ ድልህ መሳይ፣ ዳር ዳሩን ጣል ጣል የተደረገ ሽምብራ። ትንሿ ልጄ ሽምብራውን ቆጥራ ሰባት ነው አለች። ዋጋው 29 ዶላር። አማቴ ጸልየው፣ ባርከው፣ ሹካውን ሲሰኩት አልገባም። ቢላ ያዝኩላቸው። ላዩ እሳት ላይ ለመልክ ጠቆር ተደርጓል እንጂ ግንዱ ጥሬ ነው፤ ሲቆረጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። እንዲህ የሚሆነው አብሳዩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ትእዛዙ ሲበዛበት ሠላሳ ደቂቃ የሚፈልገውን ነገር በስምንት ደቂቃ አውጣ ሲባል ነው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶኛል። አማቴ የለሰለሰውን ዙሪያውን ቀማምሰው አፋቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን ጠየቁ።

“ዋናው መቼ ነው የሚመጣው?”

ባለቤቴ መልስ አልሰጠችም። የእኔ ሳልመን ደርቆ እንደ ጥጥ ይበተናል። የልጆቹ ማካሮኒ በቺዝ ደግሞ ሲመጣ ትልቋ አንዴ ጎርሳ፣ “አባዬ፣ ይሄ የቤታችን ካርቶን ነው” አለች። እውነቷን ነው፤ ቀለሙም ጣዕሙም ከሱፐርማርኬት በአንድ ዶላር ተኩል የምንገዛው ነው። ክፍላችን ስንመለስ አማቴ ላስቲኩን ፈትተው በሶ በጠበጡ። ማንም “እዚያ ምግብ ሞልቷል” ብሎ አላስታወሰኝም፤ ጨዋ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት የቁርስ ግብዣው ነበር። ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ፦ አዳራሽ ሙሉ ምግብ ተደርድሮ ራስን ማስተናገድ ነው፤ በመሐል የተረት እንስሳት ልብስ የለበሱ ሰዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ልጆቹን ያቅፋሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ክፍያው በሰው ራስ ነው። ለአዋቂ ከ50 ዶላር በላይ፤ 10 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ትልቋ ልጃችን ሁለት ቁራጭ ዋፍልና ግማሽ ብርጭቆ ወተት በአዋቂ ዋጋ በላች።

አማቴ በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ነጠላቸውን ተከናንበው ባዶ ሳህን ፊት ተቀመጡ። አስተናጋጇ በየአምስት ደቂቃው እየመጣች፣ ደኅና ናቸው ወይ፣ ሌላ ነገር ይምጣላቸው ወይ ትላለች። እኔም ወደ አለቅየዋ ሄጄ፣ እኚህ እናት ምንም አይቀምሱም፣ የሳቸውን ሒሳብ ብትተዉት አልኳት። በጣም ትሑት ሴት ናት። “ጌታዬ፣ የሚከፈለው ለወንበሩ ነው” አለችኝ። መናደድ ሲገባኝ ነገሩ ገባኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ቦታ ያየሁትን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው ያየሁት።

እንቁላሉ ጋ ሄድኩ። የተሰበረ እንቁላል አይደለም፤ በካርቶን ተመቶ የሚመጣ ፈሳሽ ነው፤ ሽታውን ከሩቅ አውቀዋለሁ። በእንፋሎት የሚሞቅ ትሪ ላይ ብዙ ሲቆይ ይሰባበርና ከሥሩ ቢጫ ውኃ ያቁራል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ አረንጓዴ መሰል ቀለም ይይዛል። ማንኪያውን ባነሣሁት ቁጥር ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ቤከኑን ያለፍኩት በሃይማኖት ነው፤ ድንቹን ግን በሙያ ነው ያለፍኩት።

ጠረጴዛችን ጋ ስመለስ ትልቅ ቡናማ ድብ እየመጣ ነው። ልጆቹ ጮኹ። አማቴ ድቡ ወደሳቸው መዞሩን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ብድግ አሉ።

“ኖር!”

ድቡ መናገር አይፈቀድለትም። ቆመ፤ አማቴም ቆሙ፤ “በእግዜር” እስኪላቸው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሁለት እጁን ዘረጋና አቀፋቸው። “አይናገርም እንዴ?” አሉ፤ ልጆቹ ከሳቅ ብዛት ከወንበር ሊወድቁ ደረሱ። ያቺ ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅላለች፤ ቁርሱ ዋጋ ነበረው ካላችሁኝ በሷ ብቻ ነው።

የተርኪውን እግር ሳልናገር አላልፍም። በየመዝናኛው ቅጥር ውስጥ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ የተርኪ እግር ይዞ እየጋጠ ይሄዳል። መካከለኛው ልጄ ለምኖ አስገዛኝ። አንዴ ነከሰና ፊቱን አጨማዶ አቀበለኝ። ሥጋው ከውስጥ ሮዝ ነው፤ ጣዕሙም ጥርት ያለ ሃም። ባለቤቴ ከእጄ ላይ ልትነጥቀው ደረሰች፤ “አሳማ ሸጡልን!” አለች። አሳማ አይደለም። ናይትራይት ባለበት የጨው ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ በጭስ ሲበስል ማንኛውም ሥጋ እንዲህ ይቀላል፣ እንዲህ ይጣፍጣል፤ ሃምን ሃም የሚያደርገውም ይኸው አሠራር ነው። ይህን ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ላስረዳት ሞከርኩ። አላመነችኝም። እግሩ ቆሻሻ መጣያ ገባ። አማቴ ጾመኛም ሆነው ሥጋ መጣሉ አንገበገባቸው።

አንድ ነገር ግን ፍትሕ ይሁን። ያስተናገዱን ሰዎች፣ አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮና የሄይቲ ተወላጆች፣ በትሕትናም በትዕግሥትም የሚተች ነገር አላገኘሁባቸውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ክትፎው አንድ ቀን ከከሸፈበት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ያዳርሳል፤ ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ቅመሙን ይጠብቃል። ከሦስት ልጅ ጋር መዝናኛ የገባ ሰው ግን በመጀመሪያ የትም አይሄድም፤ መኪናው ሩቅ ቆሟል፣ ልጆቹ ደክመዋል፣ ረሃብ ይዟቸዋል። ቢያማርርም ተመልሶ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔም የሚመጣው ለምግቡ አይደለም። በሩ ላይ ሁልጊዜ ወረፋ ላለበት ወጥ ቤት የአበባ ጎመኑ ግንድ በሰለ አልበሰለ ሒሳቡ ላይ ለውጥ አያመጣም። ወንበሩ ተሽጧል። ደግሞ ምግቡ ከመላው ዓለም የመጣን ልጅ ሁሉ እንዳያስከፋ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጨው እንኳ ይቀነሳል፤ ማንንም እንዳያስከፋ የተሠራ ወጥ ደግሞ ማንንም አያስደስትም።

ሒሳቡን በአጭሩ ልናገር። በዚያ የመጀመሪያ ማታ ስድስት ሰው ሆነን ስለተቀመጥን 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ተደምሯል፤ የኦርላንዶ የሽያጭ ታክስ 6.5 በመቶ ነው፤ ከሥር ደግሞ ለተጨማሪ ቲፕ ባዶ መስመር አለ። ጠቅላላው ከ280 ዶላር አለፈ። አማቴ ወደ ብር እንድመነዝርላቸው ጠየቁኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ አካሄዳችንን ቀየርን። ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ዳቦና ሻይ፤ ቀን ከቦርሳ፤ ማታ ከቅጥሩ ወጥተን ኢንተርናሽናል ድራይቭ። እዚያ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። የጾም በያይነቱ አዘዝን። እንጀራው ትንሽ ደረቅ ብሏል፣ ጎመኑም ዘይት በዝቶበታል፤ ግን ምስሩ በስሎ፣ ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ ስድስታችን ከአንድ ትሪ በላን። አማቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። ለስድስት ሰው የከፈልነው ሐይቁ ዳር ለሁለት ሰው ከከፈልነው ያንሳል።

እንግዲህ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የእንስሳቱን ቁርስ ልጆቹ ካልተውት አንዴ ክፈሉ፤ የምትከፍሉት ለእቅፉና ለፎቶው መሆኑን ግን እወቁት። ማታ ማታ ከቅጥሩ ውጡ። ምግብ ይዞ መግባት የሚፈቀደው እንደየመዝናኛው ስለሚለያይ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። በምግቡ ተናዳችሁ ደግሞ አስተናጋጁን በቲፕ አትቅጡት፤ አበባ ጎመኑን ያበሰለው እሱ አይደለም። በፍሎሪዳ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው ከዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ላይ 3 ዶላር ከ2 ሳንቲም ቀንሶ መክፈል ይችላል፤ ያቺን ጉድለት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።