ፒችትሪ በሰሊጥ አገር

በመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ «ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ» የሚል ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ግብሩን የሚያስጨርስለት ሰው ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ሐምሌ ሲገባ ይመጣል፣ በፌስታል የታጨቀውን ደረሰኝ ተረክቦ ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ይዞ ይመለሳል። ባለሱቁ ይፈርማል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አለ። ማን ስንት እንዳለበት፣ ስኳሩ በስንት እንደገባ፣ የትኛው ዕቃ እንደማያዋጣ የሚታወቀው ከእሱ ነው። ደብተሩና የሂሳብ ሠራተኛው ላፕቶፕ ተገናኝተው አያውቁም። በዚህ ቆላ ስለ ሂሳብ ሶፍትዌር ስናወራ ከዚህ መነሳት አለብን፤ እገዛ አለ፣ ግን ባለቤቱ የራሱን ሂሳብ እንዲያነብ የሚያበቃ እገዛ አይደለም።

* * *

ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ነው። አምራቹ ስሙን «ሴጅ 50» ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእኛ የሥራ ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። እዚህ በሰፊው የሚዞረው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ያረጀ ቅጂ ነው። ፈቃድ ስላልተከፈለበት ሲበላሽ የሚደወልለት ድርጅት የለም። የሚደወለው ጎንደር ላለ ሰው ነው፣ ከመተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚኖር፤ እሱም የሌሎች ብዙ ሱቆችን ሂሳብ ይዟል።

* * *

መተማ ዮሐንስ፣ የዘይትና የስኳር ጅምላ መደብር። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ በወዲያ በኩል የጎንደሩ ወጣት አለ፤ የመደብሩ ባለቤት ሴትዮ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አሁን ምን አለዎት?»

«አልቀበልም አለኝ። አንድ ነገር ጽፎ ቆሟል።»

«ያንብቡልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ የኔ ልጅ። ፊደሉን አንድ በአንድ ልንገርህ?»

ነገሩት፤ እሱም ያዳምጥ ነበር። ሶፍትዌሩ ያለው፣ የጻፉት ቀን ከተከፈተው የሂሳብ ወቅት ውጭ ነው የሚል ነበር። ሴትየዋ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነበር ያስገቡት፤ 17 ብለው የጻፉትን ማሽኑ የፈረንጅ 2017 አድርጎ ወሰደው። ወጣቱ ትዕግሥተኛ ነው፣ እንዲያርሙት አደረገ፣ መዝገቡም ገባ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም፤ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነበር። በማግስቱ ያው ነገር እንደሚደገም ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንድ ወረቀት ላይ የየወሩን መባቻ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ከላፕቶፑ ጎን የሚለጥፍላቸው ሰው ቢያገኙ ግማሹ የስልክ ጥሪ ይቀር ነበር።

* * *

የቀን ነገር ከተነሳ፦ ሐምሌ 1 የፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ፒችትሪውን የጫነው ሰው ዓመቱን ከጁላይ 1 ካስጀመረው፣ ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለው ሰባት ቀን ሽያጭ ወደ አዲሱ ዓመት ይገባል። ባለሱቁ ይህን የሚያውቀው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ድምርና የኮምፒውተሩ ድምር አልገጥም ሲሉ፣ ያውም ከገቢዎች ሲጠየቅ ነው። ፒችትሪ ወቅቶቹን በፈለጉት ቀን ለመጀመር ይፈቅዳል፤ ዓመቱን እስከ 13 ወቅት መክፈልም ይቻላል። ጳጉሜን የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይህ የሚወሰነው ግን መጀመሪያ ሲከፈት ነው፣ ያኔ ደግሞ ባለቤቱን የሚጠይቀው የለም።

* * *

ከሁሉ የሚከብደኝ የሰኔ 30 ነገር ነው።

የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሰሊጡ ዓመት ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ትራክተሩ መሬቱን ይገለብጣል፣ ዘር ይገዛል፣ ነዳጅ በበርሜል ይጫናል። ክረምቱ በአረም ያልፋል። መስከረምና ጥቅምት አጨዳ ነው፤ ነዶው ቆሞ ይደርቅና ይራገፋል። ብሩ ወደ እጅ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አንድ የሰሊጥ ባለሀብት ሰኔ 30 ማታ ሂሳቡ ቢታይ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የደኸየበት ሌሊት ነው። ካዝናው ባዶ ነው፣ ገንዘቡ ግን አልጠፋም፣ መሬት ውስጥ ነው።

ከኮሌጅ የወጣው ሂሳብ ሠራተኛ የነዳጁንም የዘሩንም ደረሰኝ እንዳገኘው «ወጪ» ብሎ ያስገባዋል። እርሻው የተጀመረበት ዓመት በኪሳራ ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያለ እርሻ ወጪ የበቀለ የሚመስል ሰሊጥ ይሸጥና ትርፉ ያብጣል፤ ግብሩም አብሮ ያብጣል። ባንክ ለብድር ሂሳቡን ሲጠይቅ የሚያየው አንድ ዓመት ከስሮ በሚቀጥለው የከበረ ሰው ነው። ሁለቱም ዓመት ውሸት ነው፤ ማንም ግን አልዋሸም።

መፍትሔው ቀላል ነው። «በማሳ ላይ ያለ ሰብል» የሚል አንድ የንብረት ሂሳብ ይከፈታል። የሰኔ ወጪ እዚያ ያርፋል፣ ሰሊጡ ሲሸጥ ወደ ሽያጩ ወጪ ይዞራል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ለግብርና የተለየ መመሪያ አለው፣ ቁጥር 41 የሚባለው፤ ለዚህ ሥራ ግን እሱን ሙሉውን መሸምደድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰሊጥ መቼ እንደሚዘራ የሚያውቅ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛም ችኮላ አለመኖሩ ነው፤ ፒችትሪ በአንድ ጊዜ ክፍት የሚያደርገው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የፊተኛው አንዴ ከተዘጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የሚቻለው ቀድሞ የተቀመጠ ባክአፕ ካለ ነው።

* * *

ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ ብሩን ባንክ ያስገባል። ሂሳብ ሠራተኛው የባንኩን ስቴትመንት ያያል፣ 300,000 ብር ገብቷል፣ ከምን እንደመጣ አይጠይቅም፣ ሽያጭ ይለዋል። ሰውየው ከገዛ ገንዘቡና ከጓደኞቹ እምነት ላይ ግብር ሊከፍል ነው።

ዕቁብ በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አንድ ሂሳብ ከፍቶ ማስገባት ግን ይቻላል። ዕጣው እስኪወጣ የከፈለው ሁሉ የሚሰበሰብ ገንዘቡ ነው። ዕጣው ሲወጣ የደረሰው ይቀነስበታል፣ ሂሳቡም ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳ ነው። በየሳምንቱ ሲከፍል ዕዳው እየቀለለ ሄዶ በመጨረሻው ዙር ዜሮ ላይ ይቆማል። ዜሮ ላይ ካልቆመ አንድ ቦታ የተሳሳተ ነገር አለ። ይህን ለአንድ ባለ ሱቅ በወረቀት ላይ ብታሳዩት ወዲያው ይገባዋል፣ ምክንያቱም ዕቁቡን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

* * *

ደንበኛ ሲመዘገብ ስሙ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ፀሐይ አንድ ቀን በ«ቲ ኤስ» ትጀምራለች፣ ሌላ ቀን በ«ኤስ» ብቻ። ሁለት ሰው ሆና ትቀመጣለች፤ በአንዱ ስሟ ዕዳ አለባት፣ በሌላው ከሚገባት በላይ ከፍላለች። ደንበኛውን በስልክ ቁጥሩ መመዝገብ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

* * *

ከሚያዝያ 2015 በፊት፣ ሱዳን ሳትታመስ፣ ከገላባትና ከገዳሪፍ ጋር የሚነግድ ሰው ኪሱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ፣ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወረቀት ነበረው። የግብር አስተዳደር አዋጁ (983/2008) የሂሳብ ሰነድ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲያዝ ይላል፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ባለሥልጣኑ በግብር ከፋዩ ወጪ እንዲተረጎም ሊጠይቅ ይችላል። ከሱዳን የመጣው የዐረብኛ ደረሰኝ ለነጋዴው እውነተኛ ማስረጃ ነው፤ ለሂሳብ ሠራተኛው ግን ማንበብ የማይችለው ወረቀት ስለሆነ ወደ ጎን ይቀመጣል። ወጪው ሳይመዘገብ ሽያጩ ብቻ ይመዘገባል። እዚህ ከተማ ዐረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሞልቷል፤ ደረሰኙ በመጣ ዕለት ከጀርባው ላይ በአማርኛ ዕቃውን፣ መጠኑንና ዋጋውን አስጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። ሕጋዊ ትርጉም ባይሆንም ሂሳብ ሠራተኛው እንዳይጥለው ያደርጋል።

ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የሚዞረው የአሜሪካው ፒችትሪ የሚያውቀው አንድ ገንዘብ ብቻ ነው። በሱዳን ፓውንድ ያለ ዕዳ በዚያን ቀን ምንዛሪ ብር ሆኖ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ደርቆ ይቀራል። ፓውንዱ በጦርነቱ ወደቀ፤ የእኛም ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ መቶን አለፈ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ያው የዱሮው ነው። ማዶ ያለው ባለዕዳ ተፈናቅሎ፣ ምናልባትም በዚሁ በመተማ በኩል ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፣ ሂሳቡ «የሚሰበሰብ» እያለ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ዕዳ ከመዝገብ መሰረዝ ለብዙ ነጋዴ ወዳጁን መካድ ይመስለዋል። አይደለም። የማይሰበሰብ መሆኑን መጻፍ ለሰውየው ይቅር ማለት አይደለም፣ ዛሬ በእጅ ያለውን ማወቅ ነው፤ ሰውየው በሰላም ተመልሶ ቢከፍል ያን ቀን ገቢ ይሆናል።

* * *

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ወራት ሲያስቆጥር፣ ሂሳባቸውን በኢንተርኔት ብቻ በሚከፈት ዘመናዊ ሲስተም የያዙ ሰዎች የራሳቸውን ቁጥር ማየት አልቻሉም። ያ ያረጀ ፒችትሪ፣ መብራት እስካለ ድረስ፣ ይሠራ ነበር። ኤኒዴስክ የተባለውን የርቀት መክፈቻ ፕሮግራም የለመደው የጎንደሩ ረዳት ግን በርቀት ገብቶ ማረም አልቻለም፤ ፍላሹ በመኪና ረዳት እጅ ከገንዳ ውሃ ተነስቶ በአይከል አድርጎ ጎንደር ይሄድ ጀመር፣ መንገዱ በተከፈተበት ቀን። ከዚህ ተነስቼ፣ ለዚህ አካባቢ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» የሚለውን መሆን አለበት እላለሁ።

በነፃ የሚገኘው ግኑካሽ የሚባለው ይሠራል። በሕግ የተፈቀደ ነፃ ነው፣ አማርኛ ሲጽፉበት ይቀበላል፣ ፓውንዱን በፓውንድ፣ ብሩን በብር ለይቶ ይይዛል፣ ለግለሰብም ለትንሽ ሱቅም ይሆናል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ አካባቢ የሚያውቀው ሰው። ሰው የሚመርጠው ጎረቤቱ የሚችለውን ሶፍትዌር ነው፣ በዚህም አልፈርድበትም።

* * *

በአጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ በሶፍትዌሩ የደመወዝ ክፍል በተግባር ቦታ የላቸውም። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የክፍያውን ዓይነት ይጠይቃል። የእነሱ ሂሳብ ያለው በካቦው ደብተር ነው፦ ስም፣ የቀን ብዛት፣ ለምግብ የተቆረጠ፣ ቅድሚያ የተወሰደ። ደብተሩ ዝናብ ሲመታው ወይም ካቦው ሲለወጥ የሚጎዳው ሳሉጉ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባው «የቀን ሠራተኛ ክፍያ» የሚል አንድ ድምር ነው። የደብተሩን ገጽ በየማታው በስልክ ፎቶ ማንሳት ቢያንስ የሰው ላብ እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ ለባለሀብቱም የወጪ ማስረጃ ነው።

* * *

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃ ወደ ሁለት አወረደ፤ መለያው በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ኩንታሉ በ10,000 ብር ቢሸጥ እንኳ 200 ኩንታል የሸጠ የሰሊጥ ነጋዴ ደርሶበታል፣ ሙሉ መዝገብ መያዝም ግዴታው ነው። እዚህ ቆላ 200 ኩንታል ብዙ አይደለም።

* * *

ፒችትሪ ሲጫን ለመለማመጃ አብሮት የሚመጣ ምናባዊ ድርጅት አለ፣ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የአትክልት ቦታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። የእኛ የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞችም ፕሮግራሙን ሲከፍቱ የሚያገኙት እሱን ነው፤ በእሱ ይለማመዳሉ፣ ሲ ኦ ሲ ይፈተናሉ፣ ከዚያ መተማ ይመደባሉ። ዕቁብ ሲገጥማቸው ቢደናገሩ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፣ በየወረዳው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሂሳብ ሠራተኞች አሉ። አንድ ክረምት ተቀምጠው የመተማን የመለማመጃ ድርጅት ቢሠሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሐምሌ 1 ቀን የሚከፈት የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ መዝገብ፦ መጋዘን ውስጥ ያለ 60 ኩንታል፣ በማሳ ላይ ያለ ሰብል፣ ያልደረሰ ዕቁብ፣ ገዳሪፍ የቀረ ዕዳ፣ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ደረሰኝ፣ የጸደይ ባንክ ብድር፣ በቴሌብር የተከፈለ ነዳጅ፣ ለቤት የተወሰደ አንድ ኬሻ ስኳር። ሰልጣኙ ይህን እስከ ሰኔ 30 ይዞ፣ ዘግቶ፣ ውጤቱን ለነጋዴው በአማርኛ አንብቦ እንዲያስረዳ ይጠየቅ፤ ነጥቡም የሚሰጠው ነጋዴው ከገባው ይሁን።