የሚዳሰሰውና የማይዳሰሰው ሲንተሳይዘር

ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ያለበት ቤት ዛሬ አንድ ክርክር አያጣውም፤ ይኸውም ሲንተሳይዘር የተባለው በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ቁልፍና ማዞሪያ ያለው ኾኖ ይገዛ፥ ወይስ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ይበቃል የሚል ነው። በእኛም ቤት ታላቁ ልጃችን ለሶፍትዌሩ፥ ታናሺቱ ለመሣሪያው ጠበቃ ኾነው ብዙ ምሽት ተሟግተዋል። ለጕዳዩ ያስቀመጥነው ገንዘብ ጥቂት ስለ ኾነ ፍርዱን በችኰላ ልንሰጥ አልወደድንም።

የታላቁ ማስረጃ ቀላል አይደለም። ሮበርት ሙግ በአሜሪካ ያወጣው ሚኒሙግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1970 ሲቀርብ 44 ቁልፎች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ድምፅ በቀር አያሰማም ነበር። ዛሬ የዚያኑ መሣሪያ ጠባይ የሚያስመስል ሶፍትዌር በጥቂት ዋጋ ይገኛል፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥም አለ። ልጁ የክራርን ቅኝት ሲሻ ደግሞ በብዙው ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ እንደ ጆሮው ፈቃድ ያስተካክላል፤ ከ12ቱ እኩል ድምፆች በማይወጣ አሮጌ መሣሪያ ግን ይህ አይቻልም። መብራት ሲጠፋም ኮምፒዩተሩ በባትሪው ጥቂት ይቈያል፤ ይህም በእኛ ሰፈር ትንሽ ነገር አይደለም።

ታናሺቱ «የመሣሪያው ድምፅ እውነተኛ፥ የኮምፒዩተሩ ሐሰት ነው» ስትል ግን አልተቀበልናትም። በ1983 የወጣውና ብዙ ሰው በፍቅር የሚያስታውሰው ያማሃ ዲኤክስ 7 ድምፁን የሚያወጣው በቍጥር ስሌት ነው፤ ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ የሒሳብ መኪና ቢባል ስሕተት አይኾንም። አቶ ኃይሉ መርጊያም በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው የቀዱትን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው፥ የሚማርከው የጣታቸው አካሄድ እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሽቦ አይመስለንም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ታላቁ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ከብዙ መቶ ድምፅ አንዱን ሲመርጥ ምሽቱ ያልቃል፤ የጀመረው ዜማ ብዙ ነው፥ የጨረሰውን ግን አላየንም። አያታቸውም «ይህ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው ዝም ያለው?» እያሉ ይጠይቁናል። በመሣሪያው ላይ እጅ ማዞሪያውን በነካ ጊዜ ጆሮ ለውጡን ወዲያው ይሰማል፤ ድምፁም የተወሰነ ስለ ኾነ ከመምረጥ ይልቅ መጫወት ይበዛል። በአንድ ክፍል ያለ ሰው ኹሉም ይሰማል፤ መጥፎውንም ጭምር፥ እርሱንም ታግሠናል።

ስለዚህ ድምፅ ማጉያው ከራሱ ጋር የተሠራለትን አንድ ያገለገለ መሣሪያ ገዛን። ኮምፒዩተሩንም አላባረርነውም፤ በዚያው በ1983 የተጀመረው ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ እስከ ዛሬ ስለሚሠራ፥ ኹለቱን በአንድ ገመድ አገናኝተን ታናሺቱ የምትጫወተውን ታላቁ ይቀዳዋል። እርሱም ሶፍትዌሩን በመሣሪያው ቁልፍ መጫወት ጀምሯል። አሁን የቀረው ክርክር መሣሪያው በማን ክፍል ይቀመጥ የሚል ነው፤ አያታቸው ግን ትዝታ የሚያዝዙበት ሰዓት ስላላቸው ከሳሎን እንዳይወጣ ብለዋል።