ሬዲዮ መገናኛ እንደ አሮጌ ፍሪጅ አይሸጥም

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ የእህቴ ልጅ አንድ ካርቶን በባጃጅ ጭኖ መጋላ ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። ውስጡ 12 የእጅ ሬዲዮ መገናኛዎች ነበሩ፤ ጥበቃዎች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት። የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ የሚሠራበት የጥበቃ ድርጅት አዲስ ሬዲዮ ሲገዛ አሮጌዎቹ ተርፈዋል። የሦስት ወር ደመወዙን፣ 30,000 ብር፣ ያልከፈለው አለቃውም «እነዚህን ሽጥና ገንዘብህን አውጣ» ብሎ አሸከመው። ወረቀት የለም፤ ቃል ብቻ።

«ታይዋን አንድ ደላላ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ሁሉንም በ18,000 ብር ጠቅልሎ ይወስዳል። እስከ ቅዳሜ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ።» የድሬ ልጅ ነውና አክስቱንም «አንቺ» ነው የሚላት።

«ከየት አመጣኸው ብሎ ጠየቀህ?»

«ኧረ ምንም አልጠየቀኝም!» ሲል ደስ ብሎት ነበር። እኔን ያስፈራኝ ግን ይኸው ነው።

ያገለገለ ዕቃ መሸጥም መግዛትም ለእኛ ነውር አይደለም። ግማሹ የቤቴ ዕቃ ከሌላ ሰው ቤት የመጣ ነው። ነገር ግን አሮጌ ፍሪጅ ሲሸጥ የሚሄደው ዕቃው ብቻ ነው። ሬዲዮ መገናኛ ሲሸጥ ግን ውስጡ የተሞላው ቻናልም አብሮ ይሄዳል። የገዛው ሰው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የሚገባው በሌላ ሰው መስመር ነው።

ይህን የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ነርስ ሆኜ ስሠራ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ስልክ የማይደርስበት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አምቡላንስ የምንጠራው በሬዲዮ ነው። በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ከያዘ የሌላው ጥሪ አይደርስም። አንድ ሌሊት ደም የሚፈሳት ወላድ ይዘን ስንጣራ መስመራችን ላይ ዘፈን ይሰማ ነበር። በኋላ እንደሰማነው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ሬዲዮ ቻናሉ ሳይጠፋ ተሽጦ ልጆች ይጫወቱበት ኖሯል። በመጨረሻ በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ለምነን ወሰድናት። እናትየው ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ሬዲዮውን የሸጠው ሰው ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን የድሬ ሰዎች፣ የአንድ ጥሪ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አንፈልግም።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761፣ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ለሽያጭ ማቅረብን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድን ነገር ዛሬ የሚመራው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታዲያ ደመወዜስ?» አለኝ።

ጥያቄው እውነት ነው። ቤት ኪራይ አለበት፣ ሁለት ልጆች አሉት። «ተው» ብቻ ብዬ ብሰደው ኖሮ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ታይዋን ይገኝ ነበር።

በማግስቱ ካርቶኑን ይዘን አብረን ወደ ድርጅቱ ሄድን። ለአለቃው ያልኩት አጭር ነው፦ «ፈቃዱ ያለው በእናንተ ስም ነው፤ ሻጩም እናንተ ናችሁ። ልጁ የሚሸጠው ነገር የለውም፣ የሚቀበለው ደመወዝ እንጂ።» መጀመሪያ ተቆጣ። የአዋጁን ቁጥር ስጠራለት ግን ወንበር ሳበልኝ።

ድርጅቱ ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ አመለከተ። የእያንዳንዱ ሬዲዮ ሞዴልና መለያ ቁጥር ተመዘገበ። ቴክኒሻን የድሮውን ቻናል ከሁሉም ላይ አጠፋ። ገዢ ተብሎ የተፈለገውም የራሱ የሬዲዮ ፈቃድ ያለው ሌላ ድርጅት ነው።

ዋጋው ላይ ደግሞ ልጁን አንድ ነገር መከርኩት፤ እንደ በሽተኛ አንድ በአንድ መርምራቸው። ባትሪው ሌሊት ተሞልቶ በማግስቱ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቻርጀሩ አብሮት አለ? አንቴናው ተሰንጥቋል? ቁልፉ ሲጫኑት ይነክሳል? ሁሉንም በደብተር ጻፈ። 7ቱ ደህና ሆኑ፤ 3ቱ ባትሪያቸው ደክሟል፤ 2ቱ ከመለዋወጫነት አያልፉም። ደብተሩን ገዢው ፊት ዘረጋው። ደህናዎቹ እያንዳንዳቸው በ3,500፣ ባትሪ የደከማቸው በ1,500 ብር ተሸጡ፤ ሁለቱ በነፃ ተጨመሩ። በድምሩ 29,000 ብር። ጉድለቱን ደብቆ ቢሸጥ ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል፤ ገዢው ግን ጥበቃዎቹን በሌሊት የሚያሰማራው በእነዚያ ባትሪዎች ነው።

ነገሩ ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ መሃል ልጁ ሁለት ጊዜ አኩርፎኛል፣ አስቤዛውንም እኔ ነኝ የሸፈንኩት። ደላላው ከሰጠው 11,000 ብር ብልጫ ያመጣው ግን ጉልበት ወይም ብልጠት አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ገዢው ነገ ፖሊስ ቢጠይቀው የሚያሳየው ነገር ስላገኘ ከፈለ።

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቻችን በዚህ ኑሮ ያገኙትን ሁሉ ለመሸጥ ቢሮጡ አይፈረድባቸውም። ያገለገለ ነገር ይዘው ሲመጡ ግን «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት «የማን ነው? ማን እጅ ይገባል?» እንበላቸው። ብቻቸውንም አንላካቸው፤ አለቃ ፊት ሽማግሌ ሲቀመጥ ነገር ይለዝባል።

የቀረችው 1,000 ብር ገና አልተከፈለችም። ልጁ ትቼዋለሁ ይላል፤ እኔ ግን በወር አንድ ጊዜ በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ አስታውሳቸዋለሁ።