ከአንደበት በፊት መዝገብ

ለተወደድሽ ልጄ፤  

አምስት ዓመት ሕግ ተምረሽ፣ ከዚያም በጠበቃ ረዳትነት የሰው መዝገብ ስታገላብጪ ከርመሽ፣ ዛሬ በገዛ ስምሽ የጥብቅና ፈቃድ መያዝሽን በሰማሁ ጊዜ፣ ከደስታዬ ጋር የገዛ ጅማሬዬ ትዝ ቢለኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አያትሽ በልጅነታቸው የበላ ልበልሃን ሙግት ያዩ ሰው ነበሩና፣ ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን እየሰበቀ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ ባላጋራውን እንዴት እንደሚረታ ሲያጫውቱን፣ እኔም ጥብቅና ማለት አንደበት ማለት ብቻ መስሎኝ አደግሁ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከታወጁ ወዲህ፣ ሙግት ወደ ወረቀትና ወደ ቀን ቈጠራ መዛወሩን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት በብድር ውል ተከስሰው መጡ። ባላቸው ዕዳውን ከፍለው ነበር፤ ደረሰኙ ግን በዘመን ብዛት ጠፍቷል። የመክፈያው ቀን ካለፈ 11 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ደግሞ የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው። ሕግ ይርጋን የሠራው እንዲህ ማስረጃው በእጁ ላረጀበት ሰው ጭምር ሲሆን፣ እኔ ግን ስለ ሟቹ ታማኝነት ስድስት ገጽ ያማረ መልስ ስጽፍ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ማንሣት የነበረብኝን ይርጋ ረሳሁት። ተከራካሪው ያላነሣውን ይርጋ ዳኛ በራሱ እንዳያነሣ ቁጥር 1856 ይከለክላልና፣ ዳኛው የውሉን ቀን አዩ፣ ቀና ብለውም እኔን አዩኝ፣ ከዚያም ፈረዱባቸው። ከችሎት ስንወጣ ሴትዮዋ «ልጄ፣ ደክመሃል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ፣ አንደበትሽ የትም ቢያደርስሽ የቀኑን ቈጠራ አያስቀርልሽም። ባለጉዳይሽ ያፈረበትን ነገር ከባላጋራው አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእርሱ በትዕግሥት ጠይቀሽ ስሚ፤ አበልሽን በጽሑፍ ተዋዋዪ፤ «እረታልሃለሁ» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፤ ፍርዱ የዳኛው ነውና። ብትሸነፊም የይግባኙ 60 ቀን እንዳያልፍብሽ የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ቀን ጠይቂ። በሌላው ወገን የቆመውን ጠበቃ አክብሪ፤ ነገ በሌላ መዝገብ ትገናኛላችሁና።

አምላከ ቅዱሳን በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ በራፍሽን ሲያንኳኳ፣ አስቀምጠሽ ወረቀቱን ተቀበዪው፤ አንዲት ቃል ሳትናገሪም በላዩ ያለውን ቀን አንብቢ።

አባትሽ