የአውሮፕላን እግር ቃሊቲ ሲመጣ

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ቶርኖ ቤት የከፈተ ሰው ደንበኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቦኮላ ያለቀበት፣ ፒን የተሰበረበት፣ ለማታ ጉዞ የሚቸኩል። አንድ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ከፒካፕ አውርደው ሞርሳው አጠገብ ሲያሳርፉ የአይሱዙ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ሲፈቱት የሴስና 172 የፊት እግር ሆነ።

አውሮፕላኑ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ሴስና ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው፣ ጭራው ላይ ጎማ የነበረውን 170 የፊት ጎማ ሰጥቶት ነው። በ1928 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የተሠራችው፣ በጥር 2016 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም የፊት ጎማ የላትም።

«ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ ጋሼ። ጎማው መሬት ነክቶ ሲሮጥ ግራ ቀኝ ይርገፈገፋል፤ አብራሪው ፊት ያለው ሰዓት ሁሉ አይነበብም። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ነው መሬት የሚነካው፣ እንቅጥቅጡም ይብሳል። ላይኛውንና ታችኛውን ቱቦ የሚያያይዘውን መቀስ ይዘው ወዘወዙት። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉት ቦኮላዎች አልቀው ቀጭ ቀጭ ይላል። ቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይትና ናይትሮጅን አለ፤ ናይትሮጅኑን አስቀድመው አስተንፍሰውታል። ሳያስተነፍስ መቀሱን የፈታ ሰው ፒስተኑ ፊቱ ላይ ይወረወርበታል።

«ጋሼ፣ ይህችንማ ነሐስ ቆርጬ አሁኑኑ አወጣልዎታለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ። የፈራሁትም እሱን ነው።»

ከደረት ኪሳቸው የታሸገች ፌስታል አወጡ። አዲሶቹ ቦኮላዎች ከነወረቀታቸው ነበሩ፤ ቁጥሩና የሠራው ድርጅት ተጽፏል። ባለንብረቱ እዚሁ እንዲሠራ ለምኗቸው ነበር፤ ዶላር የለም፣ ወራት መጠበቅ አለ። እሳቸው ጠበቁ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፋኝ። የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ጎረቤት ሆኜ ቦኮላ አትችልም መባል!

አልተከራከሩኝም። መቀሱን አንስተው፣ «ይህ ቢለቅ ጎማው ይዞራል፤ ጎማው ከዞረ አፍንጫው ይደፋል፤ ከዚያ ፕሮፔለሩ አስፋልት ይመታል» አሉ። የእኔ ሾፌር ቦኮላው ቢበላበት ሞጆ ላይ ዳር ይዞ ይደውልልኛል። ሰማይ ላይ ዳር የሚባል ነገር የለም። የእኔ ነሐስ ምን ዓይነት ነሐስ እንደሆነ፣ ከየትኛው አሮጌ ማሽን እንደተቆረጠ፣ እኔም ራሴ አላውቅም ነበር።

የፈለጉት ማውጫ መሣሪያ ነው። መቀሱ አሉሚኒየም ስለሆነ በመዶሻ ከተመታ ቀዳዳው ይበላሻል፤ ቦኮላው በብሎን ቀስ ተብሎ መሳብ አለበት። ከብረት አንድ ኩባያ ቀረጽኩ፤ ከቀዳዳው በጥቂቱ የቀጠነ መግፊያም አበጀሁ። በካሊብሮ ለክተው ሁለቴ መለሱብኝ፤ ለሾፌር የሚበቃው ለእሳቸው አልበቃም። በመጨረሻ ዳዶውን ሲያጠብቁት አሮጌው ቦኮላ ያለ ድምፅ ወጣ። ቀዳዳውን በባትሪ መረመሩ፣ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ዝም አሉ። ከእሳቸው ምስጋናው ይኸው መሆኑን ገባኝ። አዲሶቹን እኔ ጋ አልገጠሙም፤ እሱ ሥራ ቦሌ ነው የሚፈረምበት።

ሒሳቡን ከፍለው ደረሰኝ ጠየቁ። ብዕሩን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «የመሣሪያ ሥራ ብለህ ጻፍ» አሉ፤ «የአውሮፕላን ዕቃ የምትል ቃል እንዳላይ!»