ያልቀረበው ግብር

ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች «ዱን» የተባለውን መጽሐፍ ፊልም ሲያደርገው አበላሸው ሲባል እስማማለሁ፤ የሚያንገበግበኝ ግን መበላሸቱ አይደለም። የተበላሸ ፊልም ሞልቷል። የሚቆጨኝ ለዚያ መጽሐፍ የተፈጠረ ሰው መጽሐፉን እጁ ካስገባ፣ አርባ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሰሰም በኋላ፣ ሁለቱ በቅጡ ሳይገናኙ መለያየታቸው ነው።

የፍራንክ ኸርበርት ልብ ወለድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በረሃው፣ ግዙፎቹ የአሸዋ ትሎችና ጦርነቱ የሚታወቁበት ይሁን እንጂ ትልቁ ነገር የሚካሄደው በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው የተናጋሪውን ድምፅ እየመዘነ ውሸቱን ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይታዘባል። ይህ ጎልቶ የሚወጣው በግብሩ ምዕራፍ ነው። መስፍን ሌቶ በተሾመበት የበረሃ ፕላኔት ላይ የከተማውን ባለጸጎች ራት ይጠራል። በአገሩ ልማድ እንግዳ እጁን ሲታጠብ ውሃውን ወለል ላይ ይደፋል፣ ፎጣውንም እኩሬው ላይ ይወረውራል፤ በር ላይ ለተኮለኮሉት ለማኞች የሚደርሳቸው ከፎጣው የተጨመቀው እጣቢ ነው። ሌቶ ይህን ልማድ ሽሮ ለመጣ ሁሉ አንድ ኩባያ ውሃ እንዲሰጥ ያዝዛል። ከዚያ የውሃ ነጋዴው፣ የባንክ ሰውና የኮንትሮባንድ አለቃው አንድ ማዕድ ከበው ፈገግ እያሉ ይጎነታተላሉ። ጥይት አይተኮስም። ምዕራፉን ያነበበ ግን ውሃ እዚያ ፕላኔት ላይ ምን እንደሆነ፣ ሥልጣንም በምን እንደሚያዝ ይገባዋል።

አሁን ሊንችን አስቡት። በ1977 በሠራው «ኢሬዘርሄድ» ውስጥ አንድ ምስኪን ወጣት ለራት የፍቅረኛው ወላጆች ቤት ይቀመጣል፤ ትንሿ የተጠበሰች ዶሮ ቢላዋ ሲነካት እግሯን ታወራጫለች። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። በሰው ማዕድ ዙሪያ የሚያደባውን ነገር እንዲህ የሚያሳይ ሌላ ዳይሬክተር ማን ነበር? ግብሩ ግን በ1984ቱ ፊልም ውስጥ የለም።

የተደረገው ልውውጥ ይህ ነበር። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ብዙ እንዳያልፍ ተፈለገ፤ ያለቀው በ137 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው የኤዲቲንግ ውሳኔ የሊንች አልነበረም። ድርጊቱን ሁሉ ለማስገባት ሲባል ሰዎቹ የሚተነፍሱበት፣ የሚተዛዘቡበት ጊዜ ተሸጠ። ሊንች የሰዎቹን ውስጣዊ ሐሳብ በሹክሹክታ አስገብቶታል፤ መንገዱም ጥሩ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚያንሾካሽኩት ፊታቸው ላይ ያየነውን ነው። አንዳንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የቃላት መፍቻ ወረቀት እስከመታደል ተደርሷል። ለፊልም ተመልካች መዝገበ ቃላት!

የመጽሐፉ የፍልሚያ ሥልጠና በድምፅ መሣሪያ መተካቱን ይቅር እላለሁ። ዝናቡን ግን አልችልም። የሌቶ ልጅ ፖል ድል ባደረገ ማግስት፣ በመጨረሻው ትዕይንት፣ ሰማዩ ይከፈትና በረሃው ላይ ውሃ ይወርዳል። በመጽሐፉ ውሃ የአሸዋ ትሎቹ መርዝ ነው፤ ትሎቹ ካለቁ ከእነሱ የሚገኘው፣ የፖል ሥልጣን የቆመበት ቅመም ያልቃል። ያ ዝናብ ንጉሡን በዘውዱ ቀን የሚገድል ነበር! ኸርበርት ፊልሙን በጥቅሉ ቢወድም ፖል አምላክነትን የሚጫወት ሰው እንጂ ዝናብ የሚያዘንብ አምላክ አይደለም ሲል ቅር መሰኘቱን ጽፏል። ግብሩ ቢኖር ኖሮ ያን ዝናብ ለመጻፍ የሚደፍር አይኖርም ነበር፤ ተመልካቹ ራሱ ይስቅ ነበርና።

ዴኒ ቪልኔቭ በ2021 እና በ2024 ከአምስት ሰዓት በላይ አግኝቶ መጨረሻውን አቃንቷል፤ አዳኝ ተብሎ የመጣው ሰው የሚያስፈራ መሆኑ ገብቶታል። እሱም ግን ግብሩን አላቀረበም፤ ዝምታው ያምራል፣ ሽሙጡ የለም።

ከሁሉ የሚብሰው የኋላው ነው። የ«ዱን» ፊልም ባለቤት የነበረው ያው ዲኖ ዴ ላውረንቲስ ለሊንች «ብሉ ቬልቬት»ን ሲሰጠው ገንዘቡን ቀንሶ የመጨረሻውን ውሳኔ ለቀቀለት። ፊልሙ በ1986 ወጣ፤ ሊንች ምን እንደሚችልም ታየ። በትንሽ በጀት ያመኑትን ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በአርባ ሚሊዮን አላመኑትም ነበር። ቀጣዩን የ«ዱን» ክፍል ስክሪፕት መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲከስር እሱም ተጣለ። ሊንች ወደዚያ በረሃ ሳይመለስ በ2025 አረፈ።